ኮራሉ ለምን ነጣ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው የቦዬ ኩሬ ነው፤ እሱንም ጉማሬ አለበት ስለሚባል ከሩቅ ነው ያየሁት። እንደዚያም ሆኖ አምና፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ስለ ባሕር ጽፌ በትምህርት ቤታችን ድምፅ ማጉያ አነበብኩ። በጻፍኩት ነገር ምክንያት እኛ ቤት የምትኖር ልጅ ዕቃዋን ሸክፋ ወጣች። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ቤታችን ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ የሚባለው ሰፈር ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ተተክሏል። አባቴ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደ አዲስ ይጠቀልላል። የሱ ሥራ የሚደራው ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። አጋሮ በኩል የቡና መፈልፈያ ሞተር በተቃጠለ ቁጥር ይጠሩታል፤ ሳምንት ቆይቶ ልብሱ ቡና ቡና እየሸተተ ይመለሳል። በደርግ ጊዜ ባሕር ኃይል ነበር፣ ምጽዋ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነና እሱም ወደ ተወለደበት ጅማ መጣ። ከዚያ ይዞት የመጣው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ቡፌያችን ላይ ያለው ነጭ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያወጣ ድንጋይ። እናቴ በዓል ሲደርስ በበረኪና ታጥበዋለች። ስለ ምጽዋ አባቴ አያወራም ነበር፤ እኛም አንጠይቀውም።

አሁን ስለ ደባላችን። ስሟን አልጽፍም፤ የደዶዋ ልጅ እላታለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ነው የመጣችው። የወላጆቿ ቀበሌ ከደዶ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከገጠር መጥተው ጅማ የሚማሩ ልጆች ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። የሷ እናት ግን እናቴ ጋ ልብስ ልታሰፋ መጥታ ሳለ፣ ልብሱ ሳያልቅ የልጅቷ ነገር አለቀ። ኪራይ የለም። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጆንያ ድንች ይመጣል፤ አንዳንዴ ባቄላ፣ አንዳንዴ ገብስ ይጨመርበታል። እሷ ከኔ ጋር አንድ ክፍል ትተኛለች።

እሷ ሙስሊም ናት፣ እኛ ኦርቶዶክስ። በፍስክ ወራት የራሷ ድስት አላት፤ ሥጋችን ስለማይገናኝ ማለት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ግን ድስታችን አንድ ይሆናል። የድንች ወጥ ሃይማኖት የለውም። እናቴ ራሷ «ጾም ሲሆን ነው ቤቱ የሚሞላው» ትል ነበር።

ያን ዓመት የቡና አበባ ዝናብ ቀረ። የካቲት አለቀ፣ መጋቢት ገባ፣ ጠብ አላለም። ከአጋሮ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለዚሁ ነው የሚያወራው። ቧንቧችን በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ በተረፈ ከቦኖ ወረፋ ነው። መብራት በፈረቃ ሆነ። የደዶዋ ልጅ ጆንያም እየቀለለ መጣ። መጀመሪያ ግማሽ ሆነ፤ ቀጥሎ በፌስታል መጣ። እሷ ምንም አላለችም፣ እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ እሷ ከቦኖ ውሃ ይዛ እየገባች ሳለ፣ የእናቴ መኪና ድምፅ ቆመ። እኔ ክፍሌ ሆኜ እሰማለሁ።

«ከፋሲካ በኋላ ሌላ ቤት ብትፈልግ ይሻላል» አለች እናቴ።

«ፈተና አለባት እኮ» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ። እኔ ክፉ ሆኜ ነው? ውሃው ለሦስት ሰው አልበቃ ብሎ ለአራት ከየት ይምጣ?»

«ንገሪያታ እንግዲህ።»

«አንተ ንገራት።»

«እኔ ሞተር ነው የምጠቀልለው» ብሎ ወጣ።

ስለዚህ ማንም አልነገራትም። እኔ ደግሞ አልሰማችም ብዬ አሰብኩ፤ ጀሪካኗን አስቀምጣ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ድምፁ የየቀኑ ድምፅ ነበር።

በዚያው ሳምንት ባዮሎጂ ላይ ኮራል ደረሰ። የምንማረው በፕላዝማ ነው። ፕላዝማ ማለት ክፍሉ ፊት ለፊት የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው፤ ትምህርቱ በሳተላይት ለአገሩ ሁሉ እኩል ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ፣ በሩጫ። አስተማሪዋ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ዝም ትላለች፣ ከዚያ «ጎበዞች!» ትላለች፤ እኛ ገና ጥያቄውን እየጻፍን ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ሁልጊዜ «እናመሰግናለን» ብለው ይመልሱላታል።

ያን ቀን ግን ማንም አልቀለደም፤ ሥዕሉ ያምር ነበር። ከባሕር በታች ቡኒ፣ ወርቅማ፣ አረንጓዴ የሆነ ጫካ የሚመስል ነገር አለ። እንስሳ ነው አለች። ውስጡ አልጌ ይኖራል አለች። ውሃው ሲሞቅ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል አለች። ወዲያው ያ ሁሉ ቀለም ከጫፉ ጀምሮ እየለቀቀ ሄዶ ሄዶ በረዶ መስሎ ነጣ። «አሁን ጥያቄው...» ስትል መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ ቀሪውን የሚያስረዳን የባዮሎጂ መምህራችን ነው። ያን ቀን ግን ለግምገማ ስብሰባ ተጠርቶ ሄዶ ነበር። ፕላዝማ ደግሞ አይደገምም፤ ያመለጠ አመለጠ።

የሳይንስ ክበባችን ሐሙስ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው አጭር ጽሑፍ ያቀርባል፤ ማክሰኞ የኦሮምኛው ነው፣ ሐሙስ የአማርኛው። የዚያ ሳምንት ተራ የኔ ነበር። ከዚያ በፊት ለሰው የሚነበብ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ፈርቼ ነበር። ግን ኮራሉ ከዓይኔ አልጠፋም። ማታ እራት ላይ ቡፌው ላይ ያለውን ድንጋይ እያየሁ «አባዬ፣ ይሄ ኮራል ነው እንዴ?» አልኩት።

አባቴ መጉረሱን አቆመ። «ነው» አለ። «የባሕር ድንጋይ ነበር የምንለው። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ሁሉ በሱ የተሠሩ ናቸው።»

«ባሕር ውስጥም እንዲህ ነጭ ነበር?»

«ኧረ! ቡኒ ነበር፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። አውጥቼ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው ሸተተ፤ ከዚያ ነው የነጣው።»

«ለምን ይሸታል?»

«ሕይወት ነበረዋ።»

ይሄን ቃል ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ የሰማሁት «ነጣ» የሚለውን ብቻ ነው። እናቴም «እኔ በበረኪና ባላጥበው ይነጣ ነበር?» ብላ ጨመረችበት። አልጌን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ የውሃ በርሜላችን ጎን ላይ የሚይዘው አረንጓዴ ዝልግልግ ነው፣ በየወሩ ገብቼ የምፍቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤

«ኮራል በባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው። በሰውነቱ ውስጥ አልጌ የሚባል ደባል አለው። አልጌው ኮራሉን ያቆሽሸዋል። ውሃው ሲሞቅና ኑሮ ሲከብድ ኮራሉ ደባሉን ያስወጣል። ከዚያ በኋላ ንጹሕና ነጭ ሆኖ በሰላም ይኖራል።»

«በሰላም ይኖራል» የሚለውን ሦስት ጊዜ ለራሴ አነበብኩት። እንዴት እንዳማረኝ!

ሐሙስ አነበብኩ። ድምፄ ከጣሪያው ላይ ካለው ማጉያ ወጥቶ ግቢውን ሲሞላው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። አጨበጨቡልኝ። ከሚኒ ሚዲያው ክፍል ስወጣ አንዲት የክፍላችን ልጅ፣ አፏ የማያርፍ፣ «አቦ ቀሽት ነው! የናንተን ቤት አልጌስ መቼ ነው የምታስወጡት?» አለች። ሳቁ። የደዶዋ ልጅ ዛፉ ሥር ደብተሯን ይዛ ቆማ ነበር። አብራ የሳቀች መሰለኝ። እስኪደወል ሌሎቹም «አልጌ፣ አልጌ» ይሏት ጀመር።

ወደ ቤት ስንሄድ «ደባል ያልሽው ማንን ነው?» አለችኝ።

«አልጌውን ነዋ።»

«እሺ» አለች። 

በማግስቱ ዓርብ እንደ ሁልጊዜው ወደ ደዶ ሄደች። ጆንያዋ ውስጥ የድስቷን እጀታ አየሁ።

«ድስቱን ለምንድን ነው የምትወስጂው?»

«እናቴ ትፈልገዋለች» አለች። «በይ ቻው።»

ሰኞ አልመጣችም። ቤት ስደርስ መኝታ ክፍላችን ገብቼ ሳጥኗን ከፈትኩ፤ መጻሕፍቷ የሉም። ማክሰኞም አልመጣችም።

ማክሰኞ ከሰዓት የባዮሎጂ መምህራችን አስጠራኝ። ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ጠመኔ እያገላበጠ «አንቺ!» አለ፤ «ኮራሉን ገደልሽው እኮ።»

«ምን አደረግሁ ቲቸር?»

«ሲነጣ አይተሻል። ከነጣ በኋላ የሚሆነውን አላየሽም፤ መብራት ሄደ። ቀሪውን ከራስሽ ቀጠልሽው።»

ሰሌዳው ላይ ብዙ እጅ ያለው ከረጢት የሚመስል ነገር ሣለ። ሥጋው ውስጥ ነጠብጣብ ሞላበት። «ይሄ ኮራል ነው። እግር የለውም፣ ምግብ ፍለጋ አይሄድም። በእጆቹ የሚይዛት ነገር አለች፣ አትበቃውም። እነዚህ ነጠብጣቦች አልጌዎቹ ናቸው። ፀሐይ ሲያገኙ ስኳር ይሠራሉ፤ ከሠሩት አብዛኛውን ለሱ ነው የሚሰጡት። እሱስ ለነሱ ምን ይሰጣል?»

«ቤት።»

«ቤት፣ ከሚበላቸው መሸሸጊያ፤ ከሰውነቱ የሚያስወግደው ቆሻሻ ደግሞ ለነሱ ማዳበሪያ ነው። ያ ያየሽው ቀለም የማን ይመስልሻል? የነሱ ነው። ሲወጡ ሥጋው እንደ መስታወት ይሆንና ከሥሩ ያለው ነጭ አጥንት ይታያል። አንቺ ንጹሕ ያልሽው አጥንቱን ነው።»

«ታዲያ ለምን ያስወጣቸዋል?»

«ውሃው ከለመዱት ትንሽ ከፍ ብሎ ሞቆ ለሳምንታት ከቆየ የአልጌው ሥራ ይዛባል። ስኳር መሥራቱ ቀርቶ ኮራሉን የሚጎዳ ነገር ያመነጫል። ኮራሉም ያመመውን ያወጣል። የዛሬውን ሕመም ሊያስታግስ ነው፤ ያወጣው ግን እንጀራውን ነው። ሙቀት ብቻም አይደለም፤ ጎርፍ ያመጣው ጭቃ ፀሐዩን ቢጋርድባቸውም ይሄው ነው።»

«ጥፋተኛው ማነው ታዲያ?»

«ማንም አይደለም። ሙቀቱ ነው።»

«ሲነጣ ሞተ ማለት ነው?»

«አልሞተም። ተርቧል። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ውስጡ የቀሩት ጥቂቶቹ ይባዛሉ፣ ከውጭም ይገባሉ፣ ቀለሙ ይመለሳል። ከዘገየ ይሞታል። ያን ጊዜ ነው የውሃ በርሜል ላይ የሚይዘው ዓይነት ዝልግልግ የሚበቅልበት።» ጠመኔውን አስቀመጠ። «አጻጻፍሽ ጥሩ ነው። የጎደለው እውነቱ ብቻ ነው። ሐሙስ ታርሚያለሽ።»

እያፈርኩ ደስ አለኝ። ጥሩ ነው ብሎኛል! ከዚያ ግን የደዶዋን ልጅ ነገርኩት፤ እናቴ ያለችውን፣ ልጆቹ ያሏትን፣ ድስቱን። የቀሪ መዝገቡን ገለጠ።

«ብዙ ቀን የቀረ ተማሪ ለፈተና አይቀመጥም፤ የምታውቂው ነው። ለአሥረኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና የተመዘገበችው እዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ አትፈተንም። ሰኞ ካልመጣች እኔም ምንም ላደርግላት አልችልም።»

ያን ማታ አዲሱን ጽሑፍ ስጽፍ አባቴ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። አንብቢልኝ አለ። የነጣው ኮራል የተራበ ነው የሚለው ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ከአንዲት ደሴት ጀርባ፣ ውሃው ጉልበት የሚደርስበት ቦታ። አንድ በጋ ውሃው እንደ ተሞቀ የገላ ውሃ ሆነ። ድንጋዩ ሁሉ ኖራ የተቀባ መሰለ። ‹እንዴት ያምራል!› እያልን ልናይ ሄድን። ዓሣ አልነበረም። በዓመቱ ስንመለስ ጥልቁ ጋ ያለው ቡኒ ሆኖ አገኘነው፤ ዳር ያለው ግን በእግር ሲነኩት ይፈርስ ነበር።»

ስለ ምጽዋ ከአባቴ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው። «ይሄን ልጻፈው?» አልኩት።

«ከየት ሰማሽ ቢሉሽ ‹አንድ ሰው› በይ።»

ሐሙስ ሳነብ ‹አንድ ሰው› አልኩ። አሁን ግን አባቴ ብለሽ ጻፊው ብሎ ፈቅዶልኛል።

እናቴ ከመኪናዋ ሆና እየሰማች ነበር። «‹ተርቧል› የሚለውን ጮክ አድርገሽ አንብቢው» ብቻ አለች።

ሐሙስ እርማቱን አነበብኩ። ያችው አፈኛ ልጅ «ውይ፣ ተሳስተሽ ነበር ማለት ነው?» አለች። «አዎ» አልኳት። ስሕተትን በማይክራፎን ካመኑ በኋላ በቃል ማመን ቀላል ነው። ግን መስማት የነበረባት ልጅ ግቢው ውስጥ አልነበረችም።

ሐሙስ ደግሞ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስት የደዶ ሴቶች ጨርቃቸውን ታቅፈው ከእናቴ በር ቆመዋል። ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ያሰፋሉ፤ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። የእናቴ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ «ታኢ» ማለት ትችላለች፣ ቁጭ በይ ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ ብዙም አትሄድም። ልኩንም፣ የአንገቱን ቅርፅም፣ ወሬውንም የምታገናኘው የደዶዋ ልጅ ነበረች። ሴቶቹ እሷን ጠየቁ። «ኢንጅርቱ» አልኩ እኔ፤ የለችም። ተያዩ። የት ሄደች አሉ። ቤቷ ናት አልኩ። እንደገና ተያዩ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ ሌላ ሐሙስ እንመለሳለን ብለው ጨርቃቸውን እንደታቀፉ ሄዱ።

እናቴ መንገዱ ላይ እስኪጠፉ አየቻቸው። «ሁሉም የሷ ዘመዶች ነበሩ?» አለች።

«አክስቶቿና ጎረቤቶቿ ናቸው። አታውቂም ነበር?»

«እኔ ስፌቴ ጥሩ ሆኖ ነው የሚመጡት ስል ነበር።»

«ስፌትሽማ ጥሩ ነው» አልኳት።

ያን ሳምንት ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ ቦኖ ጋ ስደርስ ከፊቴ የተደረደረው ጀሪካን እስከ ዳቦ ቤቱ ይደርሳል። እሷ ስንት ሰዓት ትነሳ እንደነበር ያን ጊዜ አወቅሁ። ሒሳብም ተፈተንን፤ ውጤቴን አልጽፍም። ድንቹ አለቀ፤ ሁዳዴው ግን አላለቀም።

ዓርብ ዕለት እናቴ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። «ነገ ደዶ እንሄዳለን» አለች።

«አባዬም?»

«ሰው ያስቀየመ ራሱ ይሄዳል። ያስቀየምነው እኔና አንቺ ነን።»

እናቴ ከሸዋ መጥታ ጅማ ሃያ ዓመት ስትኖር ደዶን አይታ አታውቅም። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጠማዘዝ ዓይኗን ጨፍና ውዳሴ ማርያም ደገመች። ከከተማው በኋላ በእግር ሄድን። እዚያ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ደርቋል። የድንቹ ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ እኛ ያለፍንበት ምንጭ ክር አክሎ ነው የሚወርደው።

እናቷ በር ላይ ተቀበለችን። «አካም ጅርቱ?» አለች፤ ደኅና ናችሁ ማለት ነው። እናቴም «ደኅና፣ ደኅና» አለች በአማርኛ፤ እስከዚህ ይግባባሉ። የደዶዋ ልጅ ከጓሮ እጇ አፈር እንደሆነ መጣች። እኔን አየችኝ፣ እናቴን አየች፣ ሄዳ እጇን ታጠበች።

ጾም መሆኑን አስታውሰው የተቀቀለ ድንች በጨውና በሚጥሚጣ አቀረቡልን። እናቴ አንዱን አንስታ በመዳፏ ይዛ ቆየች። የዶሮ እንቁላል እንኳ አያክልም። ወደ ማዕዘኑ አየች፤ ሌላ የተቀመጠ ነገር የለም። ለኛ በፌስታል የመጣው ከዚህ ተቀንሶ ነበር።

ከዚያ እርቁ ተጀመረ፤ አስተርጓሚ ግን ያስፈልጋል። ከዚያ ቤት ሁለቱንም ቋንቋ አጥርታ የምታውቀው ራሷ የተበደለችው ናት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች። «እንግዲህ ንገሪያት። እኔ ልጅሽን ጠልቼ አይደለም። ዘመኑ ከብዶ፣ ውሃው ጠፍቶ፣ ሰው ሲጨንቀው አፉ ያመጣለትን ይናገራል። ለባሌ ነው የተናገርኩት እንጂ ለሷ አልተናገርኩም። ይኸው መጥቻለሁ።»

የደዶዋ ልጅ ወደ እናቷ ዞራ በኦሮምኛ ተናገረች። አጭር ነበር፤ እኔም ኦሮምኛ ስለምሰማ ገባኝ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ይላሉ» ነው ያለችው።

ሳቄን ለመዋጥ ድንች ጎረስኩ።

እናቷ መለሰች። መልሷ ረጅም ነበር። እጇን ወደ ማሳው ዘረጋች፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ ልጇ፣ በመጨረሻም ወደኔ።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«እሺ ትላለች።»

«ያን ሁሉ ተናግራ እሺ ብቻ?»

«ኦሮምኛ ረጅም ነው፣ እትዬ።»

እናቴ ወደኔ ዞረች። «አንቺ ተርጉሚ።»

ተረጎምኩ። «‹ሲሞላልን ደስ ብሏችሁ ተቀበላችሁ። ሲጎድልብን ለምን ጎደለ ብላችሁ አልጠየቃችሁንም። ቤቱ ቤታችሁ ነው፤ ልጄ ትውጣ ካላችሁ ትወጣለች። ግን ለራሷ ተነግሯት ትውጣ። በማይክራፎን አይደለም› ነው የምትለው።» የመጨረሻው እጇ ወደኔ የተዘረጋበት ነው፤ እሱንም አልዘለልኩም።

«እውነቷን ነው» አለች እናቴ። «ይሄን ደግሞ ሳታሳጥሪ ንገሪያት።»

አላሳጠረችም።

ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። እርማቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እኔ አልጌ አይደለሁም» አለች።

«መቼ አልኩሽ?»

«ደባል ብለሻል። ክፍሉ ሁሉ አልጌ ነው የሚለኝ፣ ወላሂ።»

«አሁን እኮ አልጌ መሆን ጥሩ ነው። የሚያበላው እሱ ነው።»

«እና እናንተ ድንጋዩ ናችሁ?»

«ድንጋይ አይደለም፣ እንስሳ ነው።»

«እንስሳ!» አለች፤ «ይሄማ ይሻላል!» ብላ ሳቀች። ለእናቷም ተረጎመችላት። እናቷ እናቴን አይታ አፏን በሻሿ ሸፈነች። እናቴ «ምን አለቻት?» ስትል እኔም «እሺ አለቻት» አልኩ።

ልጅቷ ለመመለስ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ እናቴ የምትለው ነገር ካለ ፊት ለፊት ይነገረኝ አለች። ሁለተኛ፣ እስከ ፈተናው የቦኖው ወረፋ በየተራ ይሁን፤ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ። እናቴ ሳትጠይቀኝ ሁለቱንም ተስማማች። ስንነሳ እናቷ በፌስታል ድንች ሰጠችን። እናቴ አልወስድም ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የሴትየዋን ፊት አይታ በሁለት እጇ ተቀበለች።

እሑድ ማታ ከነድስቷ መጣች። ሰኞ ጠዋት መምህራችን ስም ሲጠራ «አቤት» አለች፤ እሱም ቀና ሳይል ምልክት አደረገ። ልጆቹ አልጌ ማለታቸውን አልተዉም። «አልጌ፣ ስኳር ስጪን!» ይሏታል፤ እሷም «መጀመሪያ ፀሐይ አምጡ» ትላቸዋለች። ሐሙስ የደዶዎቹ ሴቶች ጨርቃቸውን ይዘው ተመለሱ፤ እንዲያውም አራት ሆነው። ዝናቡ ሚያዝያ ላይ መጣ፤ ለቡናው ዘግይቷል አሉ፣ ለድንቹ ግን ደረሰ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ተፈተንን። የመጨረሻውን ወረቀት አስረክበን ቤት ስንገባ እናቴ መኪናዋን አቁማ ቁጭ ብላ ትጠብቀን ነበር።

«አንቺ ነይ እስቲ» አለቻት። «ፊት ለፊት የምነግርሽ ነገር አለ።»

የደዶዋ ልጅ ወደኔ አየች። እኔም ምንም አላውቅም። ደብተሯን ይዛ እናቴ ፊት ቁጭ አለች።

«ካለፍሽ መስከረም ላይ እዚሁ ነሽ» አለች እናቴ። «ከወደቅሽም ትደግሚያለሽ፣ እዚሁ ነሽ። ሌላ የምለው የለኝም።»

«አልፋለሁ፣ እትዬ» አለች።

አለፈች።